ዘንዶዋ በቀን ስትተኛ

በሰባተኛው የበረራ ጣቢያ ስድስት ሰዓት ሲሆን ጥሩምባ አይነፋም። ዘበኛው ነጭ ጨርቅ በእንጨት ላይ ይሰቅላል፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ጫማውን ያወልቃል። በማእድ ቤት የድስት ክዳን የሚከደነው በሁለት እጅ ነው። የበሮቹ ማጠፊያ በየማክሰኞው ዘይት ይቀባል። ዶሮ ማርባት ከተከለከለ ሃያ ዓመት አልፏል። ሳል የያዘው ወታደር ከኮረብታው ወዲያ ወዳለው ድንኳን ይላካል፤ ሳሉ እስኪለቀው ድረስ ቀኑን እዚያ ይውላል። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዘንዶዋ ትተኛለች።

ስሟ ጉም ነው። ጣቢያው ዱሮ አራት ዘንዶዎች ነበሩት፤ አሁን የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ጋላቢዋን ሃምሳ አለቃ አቤኔዘርን ጓደኞቹ «አባ ጉም» ይሉታል፤ የጥንት ሰዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደነበረው። በመጀመሪያ በቀልድ የተጀመረ አጠራር ነበር፤ ኋላ ግን በደመወዝ ወረቀቱ ላይ ሳይቀር ተጻፈ።

ሰማዩ ለመሣሪያ ከተዘጋ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗል። ሰው አልባዎቹ አውሮፕላኖች ሁለቱም ወገኖች በሚረጩት ሞገድ ታውረው መርገፍ ሲጀምሩ ሠራዊቱ ወደ ሥጋና ደም ተመለሰ። ሥጋን የሚያሳውር ሞገድ ገና አልተገኘም። ዘንዶ ግን በልጓም አይመራም። የሚበርረው ወዳለመው ስፍራ ነው፤ የሚያልመውም በዚያች ሰዓት በእርግጥ ያለውን፣ ከአንድ ቀን በረራ የማይርቀውን ስፍራ ነው። ስለዚህ ጋላቢው ጀርባውን በአንገቷ ላይ አሳርፎ አብሯት ይተኛል፤ የምታየውንም ያያል። ሲነቃ ለሕልም ተቀባይዋ ይናገራል፤ ተቀባይዋ ትጽፋለች፤ የጻፈችውንም በስልክ ለፍቺ ክፍል ታነባለች። ፍቺው ሁልጊዜ አንድ ቃል ነው፤ «ጠላት» ወይም «ወዳጅ»። ጋላቢው የሰማውን ያምናል፤ ዘንዶዋም የጋላቢዋን እምነት ከጉልበቱ ግፊት ታውቃለች፤ እሳቷን የምትለቀው ወይም የምትውጠው በዚያ ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ሐኪሞች ሦስት ጥራዝ ጽፈዋል። አርሴማ አላነበበቻቸውም።

አርሴማ ጓንጉል ሕልም ተቀባይዋ ናት። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነው። ቀድሞ በአንድ ከተማ የመሬት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበረች። ለዚህ ሥራ የተመረጠችው በዝምታዋ ነው። የፈተናት መኮንን ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚያሳዝን ነገር ሲያወራላት ቆየ፤ በመጨረሻም የገዛ እናቱን ሞት ነገራት። እሷ «እሺ» አለች። በማግስቱ የምደባ ደብዳቤ ደረሳት።

ደንቡ አጭር ነው፦ ሕልሙ ከተነገረ በኋላ ፍቺው እስኪመጣ ድረስ ማንም ሰው መልስ አይስጥ። ሕልም የሚጸናው መጀመሪያ በተሰጠው ፍቺ ነውና። ይህ የታወቀው በጣቢያው የመጀመሪያ ዓመታት ነበር። አንድ ጋላቢ ወደ ስልኩ ሳይደርስ ሕልሙን ለወጥ ሠሪዋ ነገራት፤ እሷም እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ ለማንም እንደምትለው፣ «በጎ ያድርግልህ» አለችው። ከዚያ በኋላ የመጣው «ጠላት» የሚል ፍቺ በጆሮው ገባ፤ ወደ ጉልበቱ ግን አልወረደም። ዘንዶው እሳቱን እንደያዘ ተመለሰ። ጋላቢውም ወጥ ሠሪዋም ወደ ቅርፊት ቤት ተላኩ፤ የዘንዶዎች ቅርፊት ተፈጭቶ ለምሽግ ልስን ወደሚዘጋጅበት ቦታ ማለት ነው። ከዚያ የሚጻፍ ደብዳቤ የለም።

አርሴማ ባደገችበት ቤት የተነገረ ሕልም ያለ መልስ አያድርም ነበር። እናቷ ቂም ለያዘባት ጎረቤት እንኳ «በጎ ያድርገው» ሳትል ፊቷን አትመልስም። ስለዚህ አርሴማ በጣቢያው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጉንጯን ውስጥ ትነክስ ነበር። ኋላ ለመደች። ጋላቢዎቹ ግን አልለመዱም። ሁሉም ሕልሙን ተናግሮ ሲጨርስ ወንበሩ ላይ ጥቂት ይቆያል፤ ምንም እንደማይባል እያወቀ ይቆያል፤ ከዚያ ይነሣል።

በግንቦት አጋማሽ በአንድ ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ነጩ ጨርቅ ወረደ። አቤኔዘር ባዶ እግሩን መጣ፤ ከጀርባው ላይ የቅርፊት ብናኝ እንደ ዱቄት ይረግፍ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል።

«እትዬ አርሴማ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ተቀመጥ።»

«በዚህ ሳምንት ይህ ሁለተኛ ንግግርዎ ነው። ለሚስቴ እጽፍላታለሁ።»

«ሚስት የለህም።»

«ሦስተኛ» አለና ተቀመጠ።

አርሴማ እርሳሷን አነሣች። አቤኔዘር ዐይኑን ጨፈነ፤ ድምፁ ወዲያው ዝቅ አለ። ሕልም ሲናገር ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር፤ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ የሚጠነቀቅ ይመስላል።

«ሐይቅ ነው። ቤቶቹ በታሰረ ሸንበቆ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ውሃው ከፍ ሲል አብረው ከፍ ይላሉ። አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ ተንበርክካለች። በበሩ ግራና ቀኝ ቢጫ ክር ትወጥራለች፤ በጉልበት ልክ፣ ሦስት ዙር። ከክሩ ወዲያ ሕፃን አለ። ገና አይሄድም፤ ይድሃል። ክሩን ይይዝና ይነቀንቀዋል። እሷ ትስቃለች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ የፊት ጥርሷ ተሸርፏል።»

እርሳሱ ቆመ።

ልጇ ሶልያና ጥርሷን የሰበረችው በዘጠኝ ዓመቷ፣ በመዝገብ ቤቱ ደረጃ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት፣ መራመድ ሳትችል፣ የሚኖሩበት ቤት በሩ የሚከፈተው ወደ መስኖ ቦይ ነበርና አርሴማ በየማለዳው ደጃፉ ላይ ክር ትወጥር ነበር፤ በጉልበት ልክ፣ ሦስት ዙር። ጎረቤቶቿ ይስቁባት ነበር፤ እንጨት መምታት ሲቻል ክር ምን ያደርጋል ይሉ ነበር። ሶልያና ከባሏ ጋር ሐይቁን ተሻግራ ሸንበቆ ዳር ወደምትባለው ከተማ ከሄደች ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነ። በዚያው ወር ጀልባው ቆመ፤ ወዲያውም ያ ዳርቻ የጠላት ወገን ተባለ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ አልመጣም። አርሴማ ልጇ በሕይወት መኖሯን አታውቅም ነበር። ሕፃን መኖሩንማ ከየት ታውቃለች።

የምታውቀው የፍቺ ክፍልን ነው። እዚህ በሠራችበት ዘጠኝ ዓመት ውስጥ «ወዳጅ» የሚለው ቃል በስልኩ የመጣው አራት ጊዜ ነበር። አራቱም ሕልሞች ሰው የሌለባቸው ነበሩ።

«ጨረስሁ» አለ አቤኔዘር። እንደ ልማዱም ጥቂት ቆየ።

አርሴማ ፊቱን ተመለከተች። በግራ ጉንጩ ላይ የዘንዶዋ አንገት የተወው የቅርፊት ጥለት ገና አልጠፋም ነበር። ይህ ሰው እሳቱን ሳይለቅ ከተመለሰ የሚወሰድበትን ታውቃለች። ደጋ ከተማ ላይ እናት አለችው፤ የእናቱን ደብዳቤ አንዳንድ ቀን እዚሁ ወንበር ላይ ሆኖ ጮክ ብሎ ያነበዋል፤ እናቱ በየደብዳቤው መጨረሻ ስለ ጉም ጤና ትጠይቃለች። አርሴማ ይህን ሁሉ እንደ ሚዛን ዕቃ አንድ በአንድ አስቀመጠች። ሚዛኑ ወዲያና ወዲህ እያለ ፈጽሞ አልረጋም።

«በጎ ነው» አለች።

አቤኔዘር ዐይኑን ገለጠ። «ምን አሉ?»

«በጎ ነው አልሁህ። ልጄ ናት። ሕፃኑን አላውቀውም።»

ከውጭ ጉም ክንፏን ስታፍታታ የሚሰማው፣ ሰፊ ድንኳን ሲዘረጋ የሚመስለው ድምፅ መጣ።

«ዘጠኝ ዓመት ዝም ብለው ዝም ብለው፣ በእኔ ቀን» አለ።

«አዎ።»

«ሳላቃጥል ብመለስ የት እንደምወሰድ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ።»

«እናቴንም ያውቋታል። አንብቤልዎታለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«እና?»

«እና በጎ ነው።»

አቤኔዘር በአፍንጫው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ፊቱ ላይ አልደረሰም። «እንግዲህ ስንተኛ ንግግርዎ እንደሆነ ቆጠራው ጠፋኝ» አለና ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ዞሮ ግን አላያትም። «ምነው ውሸት በነበረ እላለሁ። ግን እርስዎ ውሸት አያውቁም።»

በመዝገቡ የመጨረሻ ዓምድ ላይ «የተሰጠ መልስ» የሚል ርእስ አለ። ዓምዱ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባዶ ነበር። አርሴማ ባዶ ልትተወው ትችል ነበር፤ ያን ቀን በክፍሉ ውስጥ ሦስተኛ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ወጣትነቷን ያሳለፈችው በመሬት መዝገብ ነው፤ አንድ መስመር በመዘለሉ ወንድማማቾች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲካሰሱ አይታለች። እርሳሷን ልሳ በጥሩ እጅ ጽሑፍ «በጎ ነው» ብላ ጻፈች። ከዚያ ስልኩን አንሥታ ሕልሙን እስከ ተሸረፈው ጥርስ ድረስ አነበበች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ፍቺው መጣ። ግዴታዋ ስለሆነ ወደ ግቢው ወጥታ ለአቤኔዘር ነገረችው፤ ጓንቱን እያጠለቀ ነበር።

«ጠላት» አለችው።

«ሰማሁ» አለ።

ጉም ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሣች። ወደ ሐይቁ ስትወርድ ጥላዋ ገደሉን ተከትሎ ወረደ፤ በሜዳው ላይ ጠበበ፤ ውሃው ዘንድ ሲደርስ የአሞራ ጥላ ያህል ሆኖ ነበር።

የጣቢያው አዛዥ ኮሎኔል ሐመልማል መዝገቡን በየዕለቱ የምትፈርመው ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ያን ዕለትም ፈረመች። ከዚያ መዝገቡን በብብቷ ይዛ አርሴማ ወደቆመችበት ወደ ገደሉ ጫፍ መጣች።

«ወይዘሮ አርሴማ፣ ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«የተናገረውስ?»

«እኔ ነኝ።»

«ባይጻፍ ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም አያውቅም ነበር።»

ኮሎኔሏ ከእሷ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ዘብ አልጠራችም። በዚያ ሰዓት ዘብ መጥራት ምን እንደሚለውጥ ስታስብ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ደክሟት ነበር። ሁለቱም ሐይቁን ይመለከቱ ጀመር። ከዚያ ገደል ላይ የሚነድ ከተማ እንዴት እንደሚታይ ሁለቱም ያውቃሉ፤ መጀመሪያ ቀይ ነጥብ፣ ቀጥሎ ቀይ መስመር፣ ቀጥሎ ውሃው ራሱ የበራ ይመስላል።

ቀይ ነጥብ ታየ። አርሴማ ሳታውቀው ተቀመጠች። ኮሎኔሏ መነጽሯን አንሥታ ብዙ አየች።

«ፀሐይ ናት» አለች። «ውሃው ላይ ፀሐይ እየጠለቀች ነው።»

ነጥቡ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጨለማ ብቻ ነበር፤ ሰፊ፣ ንጹሕ፣ ምንም ያልተጻፈበት ጨለማ። ኮሎኔሏ ያኔ ዘብ ጠራች።

ጉም በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተመለሰች። ኮርቻዋ ባዶ ነበር። ከሆዷ ሥር የሐይቅ ሣር ተጣብቆ ነበር፤ የእሳት ከረጢቷም ሞልቶ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር። አቤኔዘር ወድቆ እንደሆነ ወይም ወርዶ እንደሆነ የሚነግር ምልክት በእሷ ላይ አልተገኘም። ሪፖርቱ «ያልተመለሰ» አለው።

አርሴማ ወደ ቅርፊት ቤት የሚወስዳት ተሽከርካሪ እስኪመጣ በገዛ ሥራ ክፍሏ ተዘግቶባት ቆየች። ተሽከርካሪው በቀጣዩ ሳምንት መጨረሻ ይደርሳል ተባለ። በእነዚያ ቀናት ጣቢያው ነጩን ጨርቅ እንደወትሮው ይሰቅላል፤ ሰዎች ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ዘንዶዋ ግን አትተኛም። ሦስት ጋላቢዎች ከሌሎች ጣቢያዎች ተልከው ሞከሯት። አንዱ አንገቷ ላይ ሲጋደም ቀስ ብላ ተነሥታ ሌላ ጥግ ላይ ተጋደመች፤ ልክ አውቶቡስ ውስጥ ከማታውቀው ሰው አጠገብ እንደምትነሣ ሴት። ዘንዶን ከአዲስ ትንፋሽ ጋር ለማላመድ ሰባት ወር ይፈጃል። በአራተኛው ቀን ዐይኗ ደም ለበሰ። በአምስተኛው ቀን ከዋሻዋ ሰንሰለቷን እየጎተተች ወጥታ አገጯን አርሴማ በተዘጋችበት በር ፊት አሳረፈች። ዘጠኝ ዓመት የጋላቢዎቿን ሕልም ሲሰማ የኖረው ትንፋሽ ከዚያ በር ወዲያ ነበር።

ኮሎኔሏ በማግስቱ ረፋድ በሩን ከፈተች።

«ወይዘሮ አርሴማ፣ በቀን ተኝተው ያውቃሉ?»

«ልጅ ሳለሁ።»

«የዋናው መምሪያ ትእዛዝ መጥቷል። ዘንዶዋ ከምትቀበለው ከማንም ጋር ትተኛ ይላል። እርስዎ ያልማሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። ሕልሙ ከተመዘገበ በኋላ የሚቀመጥባት ጋላቢ ይገኛል፤ ከእንቅልፍ የነቃች ዘንዶ ላይ መቀመጥ አያስቸግርም።»

«ፍቺውስ?»

«ፍቺው እንደወትሮው በስልክ ይመጣል።»

«ሕልሙ ካልተመዘገበስ?»

ኮሎኔሏ ደንቡን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። «ሕልም ያልተመዘገበላት ዘንዶ ሰንሰለቷ አይፈታም» አለች።

ስድስት ሰዓት ሆነ። አርሴማ ጫማዋን አወለቀች። የጉም አንገት ፀሐይ የዋለበት ግንብ ያህል ይሞቅ ነበር፤ ከቅርፊቱ ሥር ደግሞ አንድ ዝግተኛ ነገር፣ እንደ ሩቅ ወፍጮ ያለ፣ ይዞራል። ጀርባዋን አሳረፈች። ዘንዶዋ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች። አርሴማ የመጨረሻ የታወቃት ነገር የገዛ ትንፋሿ ወደዚያ ትንፋሽ ሲገባ ነው፤ ጠባብ ወንዝ ወደ ሰፊ ወንዝ ሲገባ እንደሚሆነው፣ ያለ ድምፅ።

ከዚያ ውሃ ነበር። ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ በቅርብ፤ ሸንበቆው እያደገ ሲሄድ የሚሰማ የሚመስል ውሃ። ሶልያና ጨርቅ ታሰጣ ነበር። በጆሮ ግንዷ አካባቢ ሽበት ጀምሯታል። አርሴማ ይህን ሽበት ብዙ ጊዜ አየችው፤ ሌላ ነገር ሁሉ እስኪደበዝዝ ድረስ። ሕፃኑ ከክሩ ወዲያ የገዛ እጁን ይመረምራል። በሚቀጥለው ተንሳፋፊ ላይ አንድ ሰው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ሸንበቆ ያጭዳል፤ አጨዳው የማያውቅ ሰው አጨዳ ነው፤ ሁለት አሮጊቶች ቆመው ይስቁበታል። ሰውየው ቀና ሲል አቤኔዘር ነበር፤ በግራ ጉንጩ ላይ ምንም ጥለት አልነበረም። ጉንጩ ንጹሕ ነበር።

ስትነቃ ኮሎኔሏ ከፊቷ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ መዝገቡ ጉልበቷ ላይ ነው። እርሳሱን በጣም አሹላዋለች።

«ይንገሩኝ።»

አርሴማ ተነሥታ ተቀመጠች። አፏ ውስጥ የውሃ ጣዕም ነበር። በሕይወቷ የዋሸችበትን ቀን ለማስታወስ ሞከረች፤ አላገኘችም። ውሸት ብዙ ቃል የሚጠይቅ ሥራ ይመስላት ነበር።

«ምንም አላየሁም» አለች።

«በእንቅልፍዎ ሳቁ።»

«አላውቅም።»

«አንድ ስምም ጠሩ።»

«አላስታውስም፣ ኮሎኔል።»

ኮሎኔል ሐመልማል እርሳሱን መዝገቡ ላይ አጋደመችው። ድምፅዋን ስታወርድ የሌላ ሰው፣ የአንዲት የቤት እመቤት ድምፅ ሆነ። «አልጽፈውም። አቤኔዘር በሕይወት አለ? እናቱ በየቀኑ ትደውልልኛለች።»

አርሴማ አየቻት። ለዚህች ሴት መልስ መስጠት ምን ያህል እንደሚከብድ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባት፤ የምትናገረው አንድ ቃል ሁለተኛውን ቃል ይጠራል፤ ሁለተኛውም ሐይቁን። «ምንም አላየሁም» አለች ደግማ፤ ቀስ ብላ፣ እንደ ይቅርታ።

ኮሎኔሏ እርሳሱን አንሥታ በመዝገቡ ላይ «ምንም» ብላ ጻፈች፤ ፈረመችበትም።

ወደ ቅርፊት ቤት የሚሄደው ተሽከርካሪ መጥቶ ባዶውን ተመለሰ፤ ዘንዶዋ እየተኛች ነበርና የምታስተኛትን ሴት ውሰዱ የሚል ትእዛዝ አልነበረም። ከመምሪያው አንድ ሐኪም መጣ፤ የጉምን ዐይን ሽፋን ገልጦ አየ፤ ታልማለች አለ። አርሴማን መረመረና ያረጀ አእምሮ የዘንዶን ሕልም ላይይዝ ይችላል ብሎ ጻፈ። ጋላቢ ማላመድ ከአዲስ እንዲጀመር አዘዘ፤ ሰባት ወር። ኮሎኔሏ አዲሱን ጋላቢ ወዲያው እንዲልኩላት ጠየቀች። ጥያቄዋን ግን በስልክ ሳይሆን በፖስታ ላከችው፤ ፖስታው መምሪያው ካለበት ደጋ ከተማ ደርሶ መልስ እስኪያመጣ ሁለት ወር ነው።

አርሴማ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ጫማዋን ታወልቃለች። ሶልያና ዓሣ ስትገፍፍ አየቻት፤ ከባሏ ጋር ስትጣላ አየቻት፤ ስለ ምን እንደሆነ አልሰማችም፤ የዘንዶ ሕልም ድምፅ የለውም። በዝናቡ መጀመሪያ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ክንድ ከፍ አሉ። አቤኔዘር ማጨድ ቻለ፤ አሮጊቶቹ በሌላ ሰው ለመሳቅ ሄዱ።

በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ሕፃኑ ክሩን በሁለት እጁ ይዞ ተነሣ። ወዘወዘው። ለቀቀው። አንድ ርምጃ ሄደ፤ ከዚያ፣ ከመጀመሪያው ይበልጥ ራሱን እያስደነቀ፣ ሌላ ርምጃ።

አርሴማ ነቃች። በዋሻው አፍ የሰኔ ብርሃን ነበር። ኮሎኔሏ እርሳሱን አነሣችና እንደየዕለቱ ጠየቀቻት።

«ምንም» አለች አርሴማ።